የአባቴን ጥርስ የያዙት ሰው

አባቴ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሲሸኝ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። የመጨረሻዋ የወለቀች ቀን እንኳ መዳፉ ላይ አገላብጦ አያትና፣ «ብዙ ቆሎ አብረን በልተናል፤ አውፍ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠይቋት ኪሱ ከተታት። ሐይቅ ከተማ ወርደን ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስገባልህ ብዬ ስለምነው፣ «የማላውቀውን ሰው ጥርስ አፌ ውስጥ አላስገባም» አለኝ። ተሠርቶ የሚገባ እንጂ ከሌላ ሰው አፍ የሚወልቅ አይደለም ብዬ ባስረዳው ሊሰማኝ አልፈለገም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ከሚባለው ነገር ጋር አንተዋወቅም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክር ሲበጠስብኝ ከስፌት መኪናዬ ጋር የምጣላ ሴት ነኝ። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ እሱ ድዱን ይዞ ቀረ፣ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አባቴ የሚኖረው ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ የአምባሰል መንደር ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ወንድሜና ሚስቱ አብረውት አሉ። ጥርስ ማጣቱ በምግብ በኩል ብዙም አላስቸገረውም፤ ሽሮና ገንፎ ለድድም አይከብድም። የቸገረው ጫቱ ነው። አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲቅም የሚውል ሰው አይደለም፤ ገበሬ ነው። ግን በእኛ መንደር ሐሙስ ከሰዓት ዱዓ አለ። ሰው ይሰበሰባል፣ ለታመመው ይለመናል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ የተመረቀው ጫት ለሁሉም ይታደላል። እዚያ ክበብ ውስጥ ድርሻውን ሳይወስድ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ለአባቴ ከመስጂድ በር እንደመመለስ ነበር።

ለዚህ ደግሞ የእኛ አገር መላ አለው። ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ጫቱ በትንሽ ሙቀጫ ይወቀጥለታል። ስኳር ይነሰነስበትና በማንኪያ ይሰጠዋል። ጥርስ ያለው ሰው ቅጠሉን ጉንጩ ውስጥ አቆይቶ፣ ጭማቂውን ወስዶ ገለባውን ይተፋል። የተወቀጠውን የሚወስድ ግን ከነገለባው ይውጠዋል። ማንም ይህን ነገር ብሎ አያስበውም፤ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

እናቴ በሕይወት ሳለች የምትወቅጥለት እሷ ነበረች፤ ሙቀጫውም የእሷ ነው፣ ከወይራ የተፈለፈለ፣ በሁለት እጅ የሚታቀፍ። እሷ ስታርፍ ግን ማንም ሳይሰጣቸው ሙቀጫውን አንስተው የወሰዱት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው የአባቴን ባልንጀራ ነው። ከማሳችን ማዶ ነው ቤታቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ የማይፈታ ጾም፣ ከአንገታቸው የማይወርድ ማተብ። በጎልማሳነታቸው እሳቸውም አባቴም ጥማድ የሚሞላ በሬ አልነበራቸውም። አንድ አንድ በሬ ነበራቸውና ሁለቱን በአንድ ቀንበር አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የአባቴን፣ ሌላ ቀን የጋሼን ማሳ ሲያርሱ ኖሩ። በሬዎቹ ካለፉ ቆይቷል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ከቀንበሩ የወጡ አይመስላቸውም።

ጋሼ በሕይወታቸው አንድ ቅጠል ጫት አልቀመሱም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ከደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሙቀጫውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ በአፍንጫቸው የአምባሰልን ዜማ እያንጎራጎሩ ለአባቴ ይወቅጡለታል። የንስሐ አባታቸው ሰምተው ተቆጥተዋቸው ነበር አሉ። ጋሼም፣ «አባቴ፣ እኔ አልቅምም። ወንድሜ ጥርስ የለውም፤ ጥርስ መሆን ኃጢአት ከሆነ ቀኖናውን ይስጡኝ» አሏቸው። ቀኖና ይሰጧቸው አይስጧቸው አላውቅም፤ ውቀጣውን ግን አልተዉም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ ገበታ ላይ ቶሎ ቶሎ «ጠገብኩ» ማለት ጀመረ። ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። እርጅና ነው ተባለ። ቀጥሎ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ ብርድ ነው ተባለ። ከዚያ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝና፣ «አባባ ትንሽ አሞታል፣ ግን አብሽሪ፣ ነገ ዱዓ ይደረግለታል» አለችኝ። አብሽሪ የሚባለውን ቃል አልወደውም። አብሽሪ ባሉኝ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፤ ደህና ነገር ቢሆን ኖሮ ማን አይዞሽ ይለኝ ነበር?

ዱዓው ተደረገለት። መንደሩ አባቴን ይወደዋልና ከሐሙሱም ሌላ በየቀኑ ሰው እየመጣ ተቀመጠለት። ለበሽተኛ ሲለመን በሽተኛው ድርሻው አይቀርበትም፤ ለእሱ የሚመረጠው ደግሞ ከእስሩ ውስጥ ለምለሙ ነው። የመጣው ሁሉ፣ «ይቺን ለእሱ» እያለ ለጋሼ ያቀብላል። ጋሼ ከዚያ በፊት በሳምንት አንዴ የሚወቅጡትን በየቀኑ መውቀጥ ያዙ። አባቴም ምግብ አልወርድ ሲለው እሱን በማንኪያ በማንኪያ ይውጣል፤ የተመረቀ ነገር ነውና ይተፋል ተብሎ አይታሰብም። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ክፋት ያሰበ አንድም ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ሆዱ ተነፋ። እንደ ከበሮ ተወጠረ። ያስመልሰው ጀመር፤ መጀመሪያ የበላውን፣ በኋላ አረንጓዴ ውሃ ብቻ። ጋሼ ፌጦ በሎሚ አምጥተው ነበር፤ እሱም ተመለሰ። ወንድሜ፣ «እስከ ነገ እንየው፣ ሸሁ ነገ ይመጣሉ» ሲል፣ ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በትራቸውን መሬት ላይ መቱት አሉ። «ሸሁም ይምጡ፣ ዱዓውም ይደረግ፣ እሱ ግን ዛሬ ሐኪም ያየዋል። የሆዱ አየር እንኳ መውጣት ተወ ነው የምትሉኝ። ይኼ የፌጦ ነገር አይደለም! እስጢፋኖስን፣ ብቻዬን አዝዬው እወርዳለሁ» አሉ። አዝለው አይወርዱም፤ እሳቸውም በበትር የሚሄዱ ሰው ናቸው። ግን ማንም ሊከራከራቸው አልደፈረም። በጭቃው ውስጥ ባጃጅ ተለምኖ ወጣ፤ ጎረቤት ከኋላ ከኋላ እየገፋ አወረደው።

የውጫሌዋ ነርስ ሆዱን በእጇ እንደነካች፣ ለአፍታ ሳትቆይ ወደ ደሴ ላከችው። ስሟን እንኳ አልጠየቅንም፤ እስከ ዛሬ በሶላቴ አልረሳትም። እኔ ሐይቅ ላይ አስፋልት ዳር ቆሜ ጠበቅኳቸው። መኪናው ደርሶ በሩ ሲከፈት፣ አባቴ ጭንቅላቱን በጋሼ ጭን ላይ አድርጎ፣ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ አየሁት። «አብሽሪ» አለኝ እሱም። ጮኼ አለቀስኩ።

ሆስፒታሉ እንደደረስን ከአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት፣ ራጅ አነሡት። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ከአነጋገሩ የእኛው አገር ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል። የአባቴን ሆድ ገልጦ ሲያይ ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ የሚወርደውን የቆየ ጠባሳ አገኘ። አባቴ በወጣትነቱ ለጨጓራ ቁስለት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ሐኪሙ፣ «አንጀቱ ተዘግቷል። ምናልባት የዚህ የቀድሞ ቀዶ ጥገና ጠባሳ አንጀትን ከአንጀት አጣብቆት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መክፈት አለብን፤ ከዘገየን አንጀቱ ይሞታል፣ እሱም ይሞታል» አለን። በግልጽ ስለነገረን አመሰገንኩት፤ አብሽሩ ቢለን ኖሮ አልችለውም ነበር። ሰሞኑን ምን ሲበላ እንደሰነበተ ሲጠይቀንም እኔና ጋሼ እየተቀባበልን ነገርነው፦ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ትንሽ ገንፎ። ሌላ ነገር ለመናገር የሁለታችንም ሐሳብ አልሄደም። ለዱዓ የተወሰደ ቅጠል ከምግብ ጋር ይቆጠራል ብሎ ማን ያስባል?

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሊያስገቡት ሲሉ አባቴ የጋሼን እጅ ያዘ።

«አውፍ በለኝ» አላቸው።

«ምን በድለኸኝ?»

«ስናርስ ካንተ በሬ ላይ ጅራፌ ይበረታ ነበር። የኔን እየራራሁለት።»

ጋሼ ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ። «አውቃለሁ» አሉት። «እኔም ያንተን ነበር የምገርፈው። ይፍታህ፤ ይልቅ ተመልሰህ ና።»

አልጋውን የምትገፋው ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን አዞረች። በሩ ተዘጋ። እኔ እዚያ ኮሪደር ላይ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ፣ ያልጨረስኩትን ደግሜ ጀመርኩ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ጧፍ ሲሳሉ ሰማኋቸው። ጌታ ሆይ፣ የምወደው ሰው በር ከተዘጋበት በኋላ አብሮኝ የሚቆም ሰው ስለሰጠኸኝ ተመስገን፤ ያን ቀን ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ዛሬም እለዋለሁ።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። «ደህና ናቸው» አለ መጀመሪያ፤ አላህ ይስጠው፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ያን ተናገረ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ብረት ሳህን አሳየን። በውስጧ ሎሚ የሚያክል ጥቁር አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር አለ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቃጫ ነው። «ጠባሳው አልነበረም» አለ ሐኪሙ። «ይኼ ነው የቀጭኑን አንጀት መንገድ የዘጋው። የሆነ ቅጠል ነው፤ ገለባው ተከማችቶ፣ ተጠቅጥቆ። እንዲህ ያለውን እስካሁን በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው።»

ወጣት ነውና ያየው ነገር አስገርሞት ወሬው አላልቅ አለ። አንጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በመጠምዘዝ፣ በቡአ ወይም በጠባሳ ነው አለን። አንዳንዴ ግን ሰው ያላሰበው ነገር ይገኛል። የሐሞት ጠጠር መንገድ ቀዶ አንጀት ውስጥ ይወድቃል። ፀጉሯን የመብላት አመል ያላት ልጅ ሆድ ውስጥ የፀጉር ኳስ ይገኛል። የበለስ ፍሬ በብዛት ከነዘሩ የዋጠ ሰው ይደፈናል። «የአባባ ጨጓራ ድሮ ስለተነካ እንደ ሌላ ሰው ጨጓራ አይፈጭም፣ ጥርስም የላቸውም። ቃጫ ያለው ነገር ሲገባ ሳይደቅ ያልፍና አንድ ቦታ ይከማቻል። ለመሆኑ ምን ዓይነት ቅጠል ነው የሚበሉት?»

እኔ ገና ሳህኗን እያየሁ ነበር። ጋሼ ቀድመው አወቁት። እጆቻቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡና አዩአቸው፤ ሙቀጫ ያሻከረው መዳፍ፣ አረንጓዴው ከጥፍራቸው ሥር ገና አልለቀቀም።

«የኔ ውቅጥ ነው» አሉ።

ሐኪሙ የሰማቸው አይመስለኝም፤ ለሌላ በሽተኛ ጠርተውት እየሮጠ ሄደ። እኔ፣ «ጋሼ፣ አንቱ ምን አጠፉ! እናቴም ስትወቅጥ ኖራለች፣ አገሩ ሁሉ ይወቅጣል» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ነቅቶ ዓይኑን እስኪገልጥ ጠበቁ። ሲገልጥ ግንባሩን ሳሙት፣ በትራቸውን አነሡ፣ ወጡ። ለሽንት የወጡ መስሎኝ ነበር። መኪና ተሳፍረው ወደ አገር መሄዳቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው አንጀቱ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው አየር ሲያልፍለት ነው። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት እየመጣ፣ «አባባ፣ አየር ወጣ?» ይለዋል። አባቴ ጨዋ ሰው ነው። ልጆቹ ፊት እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ሊያደርግ፣ ሲወራም አይወድም። «አልወጣም» ይላል ወደ ጣሪያው እያየ። ክፍሉ ውስጥ የተኛው በሽተኛና አስታማሚ ሁሉ ጉዳዩን የራሱ አደረገው፤ ከማዶ አልጋ፣ «ዛሬስ ሽማግሌው?» ይባላል፣ ምላሹ ሲሰማ ሰው ከንፈሩን ይመጣል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አባቴ ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱዕ አድርጎ አልጋው ላይ እንደተደገፈ፣ ያ የተጠበቀው ድምፅ መጣ። ትንሽ አልነበረም። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ የማዶው አስታማሚ እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። አባቴ እስከ ጆሮው ቀልቶ፣ «አልሐምዱሊላህ፤ ውዱዕ ስለፈረሰብኝ ሳመሰግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ስፌቱ እንዳይፈታ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ሳቀ። እኔ ያን ቀን የሳቅሁትን ያህል በሠርጌም አልሳቅሁም።

ሳቁን ሲጨርስ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ለሱ ደውዪለት» ነበር። ጋሼ ስልክ የላቸውም፤ በወንድሜ በኩል አስነገርኩ። መልእክቱ ደረሳቸው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ ተባልኩ። መጥተው አልጠየቁትም። አባቴ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። «አሞት ይሆን? ተጣልታችሁ ይሆን? አንቺ አፍሽ አያርፍም፣ ምን ብለሽው ነው?» እያለ እኔን ይጨቀጭቀኛል። እውነቱን ልነግረው አልፈለግሁም። በሽተኛ ነው፤ ያን ሸክም ከስፌቱ ላይ አልጭንበትም ብዬ ቻልኩት፤ እኔ መቻሌም ተአምር ነው።

የምንወጣ ቀን ሐኪሙ መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ከእንግዲህ የተወቀጠም ያልተወቀጠም ጫት የለም። የሚበሉት ሁሉ የላመ ይሁን፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ውሃ ይጠጡ። ሆድዎን የዘጋው ያ ገለባ ነው» አለው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲወጣ ባልንጀራዬ አይቶታል?» ሲል ጠየቀኝ።

አይተውታል ስል አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ለዚህ ነዋ!» አለ። «ምስኪን። ምስኪን ወንድሜ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሽታው ያላስለቀሰውን ሰው ያ አስለቀሰው።

አገር ቤት ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ፣ አንዱ እንቁላል ይዞ፣ አንዱ ወተት፣ ሴቶቹ እልልታቸውን ከሩቅ ጀምረውት። ጋሼ ግን አልነበሩም። ከደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ የእናቴ ሙቀጫ ተቀምጧል፤ ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ አንድም አረንጓዴ ሳይቀርበት፣ ዘነዘናው በውስጡ ቆሞ። አባቴ ቆም ብሎ አየው። ሙቀጫው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ለሁላችንም ገባን።

ሐሙስ ደረሰና ለምስጋና ዱዓ ተሰበሰቡ። ጫት መጣ፣ እጅ ወደ አባቴ ተዘረጋ። እሱም አንዲት ቀንበጥ ተቀብሎ፣ ሳማት፣ መልሶ ሰጣቸው። «ሐኪም ከልክሎኛል። የናንተ ዱዓ ግን አልተከለከለም፤ ያወጣኝ እሱ ነው፣ በሐኪሙ እጅ። ምረቁኝ፣ አሚን ልበል» አለ። ሰውም መረቀው። ቅር ያለው ሰው አላየሁም፤ የአባቴ አነጋገር ለካ መርፌና ክር ነው ብዬ ተገረምኩ። ግን ዓይኑ በየመሐሉ ባዶው ድንጋይ ላይ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጠና፣ አንድ ረቡዕ ቀን ልጠይቀው ከሐይቅ ወጣሁ። ስደርስ አባቴ በትሩን ይዞ ተነሥቷል፤ በሌላ እጁ ሙቀጫውን ሊያቅፍ ይታገላል። የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሮ ትከሻው ላይ ጥሏል። «ወዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ፤ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ብሎታል። «ማዶ» አለኝ። ሙቀጫውን ነጥቄው ራሴ ያዝኩት። እየተጨቃጨቅን ማሳውን አቋረጥን፤ እሱ በየእርምጃው ያርፋል፣ እኔ በየዕረፍቱ እቆጣለሁ።

ጋሼ ከቤታቸው ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሲያዩን ብድግ አሉ፤ ወደ ቤት ለመግባትም ወደ እኛ ለመምጣትም ሳይወስኑ ቆመው ቀሩ። ከስተዋል። አባቴ ሰላምታውን እንኳ አላስቀደመም።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥርሴን ይዘህ ወዴት ጠፋህ?»

ጋሼ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ከእንግዲህ ሙቀጫ አልነካም። በገዛ እጄ ልቀብርህ ነበር።»

«ሆዴን የዘጋኸው አንተ ከሆንክ፣ ያስከፈትከውም አንተ ነህ። ልጄ ነገ ይታያል ሲል በትርህን ያነሣኸው አንተ አይደለህም? ከጭንህ ላይ ነው ደሴ የደረስኩት።» ቋጠሮውን አውርዶ ከእግራቸው ሥር አስቀመጠ። «ገብስ ነው። ሐኪሙ የላመ ብላ ብሎኛል። የወፍጮ ቤቱን ዱቄት ጉሮሮዬ አላመነውም፤ በሶዬን የምበላው አንተ ከወቀጥከው ነው። ካልወቀጥክ ጦሜን አድራለሁ።»

እኔ ሙቀጫውን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ጋሼ ቋጠሮውንና ሙቀጫውን እያፈራረቁ አዩ። ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሉኝ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ በጉልበታቸው መሐል አደረጉት። መጀመሪያ በዘነዘናው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ምቱ ተስተካከለ። ወቀጡ፣ በወንፊት ነፉ፣ የቀረውን መልሰው ወቀጡ። በጣታቸው አሽተው ያዩታል፤ አይረኩም። አባቴ፣ «ይበቃል እኮ» ሲላቸው፣ «አንተ ዝም በል» አሉት። ያን ጊዜ ዕርቁ እንደሠራ አወቅሁ።

በሶው ሲደርስ አባቴ በጥብጥ አላቸው። ጋሼ ሰማይ አዩ። «አንተ ብላ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የኔ ሰዓት አልደረሰም።»

«እንግዲያው እጠብቅሃለሁ።»

እኔ ነደድኩ። «ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብሏል! ጠዋት ከቀመስከው ወዲህ ምንም አልበላህም!» አልኩት። አልሰማኝም። ሥጋ ከአንድ ማዕድ በልተው አያውቁም፤ የእሱ በቢስሚላህ፣ የእሳቸው በስመ አብ ይታረዳል። ቆሎና በሶ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ሣህን በልተዋል። ያን ቀንም ባዶ ሆዱን ይዞ፣ ጀርባውን ከጋሼ ግድግዳ አስደግፎ፣ የማይጾመውን ጾም አብሮ ጾመላቸው። ስለ በሬዎቹ አወሩ፣ ዳግመኛ ስለ ጅራፉ ተጣሉ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀምጬ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፤ የደስታ ነበር፣ የምስጋና ነበር፣ ለማንም አላፈርኩበትም።

የቤቱ ጥላ ከግቢው መሐል ደርሶ የጾሙ ሰዓት ሲሞላ ጋሼ ተነሥተው አማተቡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ በሶውን በጎድጓዳ ሣህን በጠበጡ፣ መሐላቸው አስቀመጡት። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ የመጀመሪያውን ማንኪያ አነሣ። ጋሼም ማንኪያቸውን ይዘዋል፤ ግን አልነከሩትም። ዓይናቸው የአባቴ ጉሮሮ ላይ ነው።

«ወረደ?» አሉት።

«ወረደ። አልሐምዱሊላህ።»

ያኔ ጋሼ የራሳቸውን አነሡ።